ከግራዬ ወንበር ኋላ

ኅዳር 3

ከፈትኩ። ወለል ጠረግኩ፣ መቀሶቹን በአልኮል ወለወልኩ፣ የታጠበ ፎጣ አጣጠፍኩ። ሥራ ቀዝቀዝ ብሏል። ረፋዱ ላይ የመጣው የመኪና ዕቃ ሻጭ ገና ሳይቀመጥ፣ "መስታወቱ የታለ?" አለኝ።

የትም አልሄደም። አንሶላ አልብሼዋለሁ።

"ተሰንጥቆ ነው። ሊቀየር ነው።"

"መስታወት የሌለው ፀጉር ቤትና መሪ የሌለው መኪና አንድ ናቸው" ብሎ ሣቀ። እኔም ሣቅኩ። ስጨርስለት በእጅ የምትያዘዋን ትንሿን መስታወት ሰጠሁት፤ ጀርባዋን ወደ እኔ አድርጌ። አየ፣ "ይሁን" አለ፣ ሄደ።

ከመቼ ወዲህ ነው ውሸት እንዲህ እንደ ውኃ የሚፈስልኝ?

አመሻሽ ላይ እማዬ ደወለች። "ድምፅህ ደህና ነው" አለች። ድምፄማ ሁሌም ደህና ነው። ጣጣው ያለው ፊቴ ላይ ነው።

ኅዳር 5

ከጀመርኩ አይቀር በቅጡ ልጻፈው።

መንታ ነን። ነበርን? ነን። እሱ ግራኝ፣ እኔ ቀኝ። ገና ማንኪያ ስንይዝ ነው አሉ እማዬ ያየችው። ከዛ ወዲያ የወጣልንን ስም ትታ ግራዬና ቀኜ አለችን፤ ሰውም ተቀበላት። ከዚህ ሌላ ልዩነት የለንም። ያው አፍንጫ፣ ያው ግንባር፣ ሌላው ቀርቶ ስንናደድ የሚቀላው ጆሮ። አስተማሪ ያምታታን ነበር፣ አጎት ያምታታን ነበር፣ ደንበኛ ያምታታናል። እማዬ ግን አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም። ፊቷን አዙራ ሽንኩርት እየከተፈች በኮቴ ብቻ ትለየን ነበር።

ግራዬን ከቀበርን በኋላ አንድ ጠዋት ከመታጠቢያ ቤት ስወጣ ፎጣ ዘረጋችልኝ። "ግራዬ፣ ፎጣው ይኸው።"

እጇን አፏ ላይ ጫነች። እኔም እንደ ሐውልት ደረቅኩ። ምን ይባላል? "ምንም አይደል እማዬ" ማለት አይቀልም ነበር? አላልኩም። በማግስቱ ሻንጣዋን አዘጋጅታ አክስቴ ቤት ሄደች። "ትንሽ ልረፍ።" ይኸው እያረፈች ነው። በስልክ እናወራለን፤ ፊቴ ስለማይታያት አያስፈራትም። ልምጣ ስላት ግን፣ "ቆይ ትንሽ ቀኜ፣ ቆይ።"

እስከ መቼ ነው የምቆየው? እናቴ ፊቴን ማየት የማትችል ከሆነ ይሄን ፊት ይዤ የት ልግባ?

ኅዳር 6

ስለ መስታወቱ ሳልጽፍ ቀረሁ።

የእኔና የግራዬ ወንበር ጎን ለጎን ነው፣ ፊት ለፊታችን ግድግዳውን የሞላ መስታወት። ሥራ እንደገና የጀመርኩ ቀን በቀኝ እጄ መቀስ አነሳሁ። መስታወቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ በግራው አነሳ። ያው ነጭ ጋዋን፣ ያው ፊት፣ በግራ እጁ እየቆረጠ። ቀና ባልኩ ቁጥር ቀና ይላል። ደንበኛውን በግማሽ ትቼው ጓሮ ወጣሁ።

አንሶላው የመጣው በዛ ምክንያት ነው።

ኅዳር 14

አንዱ ጎረምሳ፣ "አስተካካዩ ራሱ ጫካ ሆኗል እኮ!" አለ። ሁሉም ሣቁ። እውነቱን ነው። ፀጉሬ ጆሮዬን አልፏል፤ ጢሜንም አልነካሁትም።

ሰኞ ሰኞ ፀጉር ቤቱ ሲዘጋ እሱ የእኔን እኔ የሱን እንቆርጥ ነበር። ሌላ ሰው ነክቶን አያውቅም። ሰኞ አሁንም ይመጣል። ምን አለ ቢቀር?

ኅዳር 20

መቀመጥ አልቻልኩም። ከሥራ ወጥቼ ዝም ብዬ ሄድኩ። አደባባይ፣ ድልድይ፣ የእንጨት መሰንጠቂያው፣ ተመልሶ አደባባይ። ጫማዬ ተላጠ። ቤት ገብቼ አልጋዬን ከመስኮቱ ሥር ወደ በሩ ጎን ጎተትኩት። ከዛ መልሼ መለስኩት።

ኅዳር 23

ልቡ ነበር፤ ሐኪሞቹ እንደዛ ነው ያሉት። በተኛበት። እንግዲህ አንድ ማህፀን የተጋራ ሰው ልቡንስ አይጋራም? እያልኩ ስብሰለሰል ከርሜ ዛሬ ተመረመርኩ። ሐኪሟ ወረቀቱን አየች፣ "ያንተ ልብ ጤነኛ ነው" አለች።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። በማን? እንጃ። ለምን የሱ ያልሆነው የእኔ ሆነ?

ታኅሣሥ 1

ጉድ ነው የሠራሁት።

ከሙዚቃ ባንድ ጡረታ የወጣው ጡሩምባ ነፊ መጣ። የግራዬ ደንበኛ ነው፤ የእኔ ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ልጁ ጋ ሌላ ከተማ ከርሞ መመለሱ ነው። ቀብር ላይ አልነበረም፣ ማንም አልነገረውም። በሩን ከፈተና፣ "ግራው! ናፍቆትህ ገደለኝ እኮ!" ብሎ አቀፈኝ።

አፌን ከፈትኩ። "እኔ ወንድሙ ነኝ" ልል። ከዛ "እሱስ?" ሊለኝ። ከዛ…

ያቺን ቃል እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቻት አላውቅም። ሰው ሁሉ ቀድሞኝ ሰምቶ ስለሚመጣ ማንም ንገረኝ ብሎኝ አያውቅም።

"እንኳን ደህና መጡ ጋሼ" አልኩ።

የግራዬ ወንበር ላይ ተመቻቸ። እኔም ከወንበሩ ኋላ ቆምኩ፣ የግራዬን መቀስ ከመሳቢያ አወጣሁ። ለግራ እጅ የተሠራ ነው፤ በቀኝ ቢይዙት ፀጉር ያጥፋል እንጂ አይቆርጥም። በግራ እጄ ያዝኩት። ሙያ ስንለምድ ለጨዋታ እጅ እንቀያየር ስለነበር እጄ ጨርሶ ባዳ አይደለም። ቢሆንም ላብ አጠመቀኝ።

"እጅህ ከበደ ዛሬ።"

"ትንሽ አሞኝ ነበር ጋሼ።"

"ፉጨትህስ?"

ግራዬ ሲሠራ ያፏጫል። እኔ ማፏጨት አልችልም፤ ከከንፈሬ የሚወጣው ነፋስ ብቻ ነው።

"ጥርሴን ነው።"

"አይ ጥርስ! ያ ኮስታራው ወንድምህስ?"

እኔን ነው። እኔን እየጠየቀኝ ነው።

"ወጣ ብሏል።"

"እሱን ልጅ ያዘው። አንተው አይደለህ 'ቀኜ ባይኖር ይሄ ቤት ሳምንት አያድርም' ስትለኝ የኖርከው?"

መቀሱ እጄ ላይ ቆመ። ግራዬ እንዲህ ይል ነበር? እኔን እኮ "ነጭናጫ" ከማለት በቀር…

ሲሄድ በር ድረስ ሸኘሁት። ከዛ ተቀምጬ ተንቀጠቀጥኩ። ግን ደስ ብሎኛል። እንዴት ነው ሰው እየተንቀጠቀጠ ደስ የሚለው?

ታኅሣሥ 2

አብጃለሁ?

ታኅሣሥ 10

የመናፈሻው አትክልተኛ ሊቆረጥ መጣ። እጁ እንደ ዛፍ ቅርፊት ነው፣ አፉ ግን አያርፍም። አንሶላውን አየ፣ እኔን አየ፣ ጫካዬን አየ። ስለ ስንጥቅ ልነግረው ስል፣ "ተወው" አለ። "እኔም ታናሼን ካጣሁ በኋላ የማልከፍተው ቁም ሣጥን አለ።"

ከዛ ስለ ቡቃያ በሽታ ሲያወራ ቆይቶ ሊወጣ ሲል፣ "ቅዳሜ ከሰዓት መዋዕለ ሕፃናቱ ጋ እንሰበሰባለን። ወንድም ወይ እህት ያጣን ነን። ብትመጣ ምን ይጎድልሃል?"

"አስብበታለሁ" አልኩ። አላስብበትም።

ታኅሣሥ 14

ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አትጠይቁኝ። ማን ይጠይቀኛል ደግሞ?

የአራት ዓመት ልጆች ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ የቀለም አሻራ፣ መሬት ላይ ጉልበታችንን አገጫችን ጋ የሚያደርሱ ትንንሽ ወንበሮች። አንዲት ትልቅ ወንበር አለች፣ የመምህርቷ። እሷ ላይ የሚቀመጠው የሚናገረው ሰው ነው፤ ሌላው ሁሉ ከታች ሆኖ አንጋጦ ይሰማል። ሰብሳቢዋ እዛው የምታስተምረው መምህርት ናት፣ ታላቅ እህቷን ያጣች። መጀመሪያ ያለችው፣ "እዚህ ቤት 'እናትህን አጽናና' የሚል ሰው የለም" ነው።

አንገቴን ደፋሁ። ቀብር ላይ ሰው ሁሉ ያለኝ እሱን ነው። እናትህን አጽናና፣ ለእናትህ በርታላት። እኔንስ?

አንዲት ፋርማሲስት ትልቋ ወንበር ላይ ወጣች። "'ስንት ናችሁ?' ሲሉኝ አሁንም 'ሁለት ነን' እላለሁ" አለች። "ባለፈው አንዷ 'ወንድምሽ ምን ይሠራል?' አለችኝ። 'ኢንጂነር ነው' አልኳት። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ነው የሞተው። እኔው ነኝ አስተምሬ ያስመረቅኩት።"

ሣቁ። እሷም ሣቀች። እኔ ግን ውኃ ልጠጣ ብዬ ወጣሁ፣ በዛው ቤቴ ገባሁ።

ታኅሣሥ 22

ጡሩምባ ነፊው ተመልሶ መጣ። ገና ፀጉሩ ሳያድግ! "ጨዋታ ናፍቆኝ ነው" አለ። "ጥርስህ አልዳነም?"

"አልዳነም።"

"ማን የሚሉት የጥርስ ሐኪም ነው ይሄ?"

ዛሬ የነገረኝ፦ ግራዬ ስለ እኔ ትዳር ይጨነቅ ነበር። "እሱ ሳያገባ እኔ ማግባት ከበደኝ" ብሎታል። እና አንድ ጊዜ ተጣልተን ለሁለት ቀን ሳንነጋገር ስንቀር፣ መታረቂያ እንዲሆነው ሆን ብሎ የእኔን ቶንዶስ ደብቆ ራሱ ፈልጎ እንዳገኘ ሆነ። እኔ እኮ እስከ ዛሬ የጠፋ መስሎኝ…

ስንት ነገር ነው ለዚህ ሽማግሌ የነገረው? ሁሉንም እፈልጋለሁ። በግራ እጄ እየቆረጥኩ ሁሉንም ልሰማ እፈልጋለሁ።

ታኅሣሥ 24

ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ ሄጄ ማፏጨት ተለማመድኩ። አንድ ውሻ መጣ። ሌላ ውጤት የለም።

ታኅሣሥ 28

ቅዳሜ። ተመልሼ ሄድኩ። ማንም "የት ጠፋህ?" አላለኝም። መምህርቷ ብቻ ትንሿን ቀይ ወንበር በእግሯ ገፋ አደረገችልኝ።

የዛሬው ተናጋሪ አትክልተኛው ነበር። ታናሹ የሚደግፈውን የኳስ ቡድን ዕድሜ ልኩን ሲጠላ ኖሮ አሁን እሱ ሆኗል ደጋፊው። "ሲያሸንፉ እጨፍራለሁ" አለ። "ከዛ በራሴ እናደዳለሁ። ሲሸነፉ ደግሞ አለቅሳለሁ። እስቲ ፍረዱኝ፣ ሃምሳ ዓመት የጠላሁትን!"

መምህርቷ እግሯን ዘርግታ ጫማዋን አሳየችን። የእህቷ ነው። ይሰፋታል፤ ጥጥ ወትፋበታለች። ሕፃናቱ "መምህርት፣ ጫማሽ ያወራል" ይሏታል፣ ስትራመድ ቋ ቋ ስለሚል።

እየተመለስኩ ሳለ ራሴን ሣቅ ሲያመልጠኝ ያዝኩት። መንገድ ላይ፣ ለብቻዬ። ከዛ ወዲያው ጥፋተኛነት ተሰማኝ። ለመሣቅም ፈቃድ ማውጣት አለብኝ?

ጥር 5

እማዬ ደወለች። አክስቴ አሟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል። የጎረቤት ድመት ወልዳለች። ስለ ድመቷ ብዙ አወራችኝ።

"መቼ ነው የምትመጪው?"

"እመጣለሁ እኮ።"

"መቼ?"

"እንደገና ብሳሳትስ?" አለች። ቀስ ብላ።

"ብትሳሳቺስ?"

"አንተ አላየኸውም፣ ያን ቀን ፊትህ እንዴት እንደሆነ" አለች።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ጆሮዬ ላይ ይዤው ቆየሁ። እኔ ፊቷን እንጂ የእኔን ፊት መች አየሁ? ለካ እሷን ያባረራት የሱ ፊት አይደለም። እኔ ያሳየኋት ነው።

ጥር 12

ጡሩምባ ነፊው። ሦስተኛው? አራተኛው? አሁንስ ሳየው ያመኛል። ሲመጣ እጠብቀዋለሁ፣ ከመጣ ሂድልኝ እላለሁ። ዛሬ፣ "ወንድምህ ሁልጊዜ ወጣ ብሏል። ተጣልታችኋል እንዴ?" አለኝ።

"አልተጣላንም።"

"ታረቀው። ነገ የሰው አይደለም።"

ፎጣውን መሬት ላይ ጣልኩት። ለማንሳት ጎንበስ ብዬ እዛው ቆየሁ።

ጥር 19

ትልቋ ወንበር ላይ ወጣሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ከወንበር ኋላ የቆምኩ ሰው ነኝ፤ ወንበሩ ላይ መሆን ሌላ ነገር ነው። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። አንሶላውን፣ እማዬን፣ ጡሩምባ ነፊውን፣ የግራ መቀሱን። ጥርሴ ጋ ስደርስ አትክልተኛው አልቻለም፣ ከትንሿ ወንበር ሊወድቅ ደረሰ። "ከእንጨት መሰንጠቂያው ኋላ… ውሻ መጣ?" ፋርማሲስቷ እንባዋን እየጠረገች፣ "ለጥርስህ እኔ ጋ ና፣ መድኃኒት አለ" አለች። ቅር ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። አብዷል ይሉኛል ብዬ የፈራሁትን እነሱ "አዎ፣ ከዛስ?" እያሉ ነው የሰሙኝ።

"ለሽማግሌው ለምን አልነገርካቸውም?" አለች መምህርቷ ሣቁ ሲበርድ። መውቀሷ አልነበረም። ማወቅ ፈልጋ ነው።

አሰብኩ። እስከዛች ደቂቃ እኔም አላውቀውም ነበር።

"በዚህ ዓለም ላይ ግራዬ በሕይወት እንዳለ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው" አልኩ። "ከነገርኳቸው ማንም አይቀርም።"

ፋርማሲስቷ መነጽሯን አወለቀች። "እኔም ለዛ ነው 'ሁለት ነን' የምለው" አለች።

አለቀስኩ። በሰው ፊት፣ የልጆች ወንበር በከበበኝ ክፍል ውስጥ፣ አፍንጫዬ እስኪንጠባጠብ። ማንም "በቃ፣ በቃ" አላለኝም። ቀብር ላይ እንኳ እንዲህ አላለቀስኩም፤ እናቴን ሳጽናና ጊዜ የት ነበረኝ?

ስንወጣ አትክልተኛው ትከሻዬን ያዘኝ። "ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል። ይኸው ጮኽክ። ተረዳድተናል።"

"የሽማግሌውስ ነገር?"

"እሱ ያንተ ነው" አለ። "እኔ ስለ ኳስ ብቻ ነው የማውቀው።"

ጥር 26

ነገርኩት።

እንዲህ አልነበረም ያሰብኩት። ቡና ጋብዤ፣ ቁጭ አድርጌ፣ በቀስታ ነበር። ግን ግማሽ ራሱን ቆርጬ ወደ ሌላኛው ጎን ስዞር፣ "ግራው፣ እኔ ስሞት ጡሩምባዬን ላንተ ነው የምተወው፤ ልጆቼ ዋጋውን አያውቁም" አለኝ።

መቀሱን አስቀመጥኩ። ዞሬ ፊት ለፊቱ ተንበረከክኩ።

"ጋሼ፣ ግራዬ ሞቷል። እኔ ቀኜ ነኝ።"

ሞቷል። ወጣች። ክፍሉ አልፈረሰም።

አየኝ። ከዛ እጄን አየ፣ ግራ እጄን። "መቼ?"

"በመስከረም።"

"በመስከረም" አለ። "እኔ በታኅሣሥ ነው የመጣሁት። ከማን ጋር ነው ስስቅ የከረምኩት?"

ተነሳ። ግማሽ ፀጉሩ የተቆረጠ፣ ግማሹ ያልተቆረጠ፣ ጨርቁ አንገቱ ላይ እንደታሰረ በሩን ከፍቶ ወጣ። ተከትዬው ልሮጥ አልኩ። አልሮጥኩም። በመስኮት አየሁት፤ ጨርቁ ከኋላው እየተንዘፈዘፈ መንገዱን ሲሻገር መኪና ቆሞ አሳለፈው።

ምን አደረግኩ?

ጥር 27

አልከፈትኩም።

ጥር 28

አልከፈትኩም። ሰኞ ባይሆንም አልከፍትም ነበር። አደባባይ፣ ድልድይ፣ መሰንጠቂያው። ቤቱን አላውቀውም እንጂ ሄጄ እግሩ ላይ በወደቅኩ ነበር።

ጥር 29

ልከፍት ስመጣ በሩ ላይ ቆሟል። ኮፍያ አጥልቆ። ጨርቁን አጥቦ፣ አጣጥፎ፣ በብብቱ ይዞ።

ገባ፣ የደንበኞች አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፣ ኮፍያውን አወለቀ። ያ ግማሽ ፀጉር! ከዛ ማልቀስ ጀመረ። ድምፅ አውጥቶ፣ "ግራው፣ ግራው" እያለ። ደንበኞች ገቡ፣ አዩ፣ ማንም አልተመለሰም። አንዱ አጠገቡ ተቀመጠ። ሌላው ውኃ አቀበለው። የመኪና ዕቃ ሻጩ እንኳ አፉን ዘግቶ ጥግ ቆመ። ፀጉር ቤቱ ለቅሶ ቤት ሆነ።

ሲበርድለት፣ "እኔ አልቅሼለት አላውቅም ነበር። ያን ከለከልከኝ" አለኝ።

"አዎ ጋሼ።"

"ሁለት ወር ሙሉ የሱን ነገር ለሱ ነበር የማወራው። አሁን ላንተ አወራለሁ። ይሄ ይሻላል።" ተነሳና ሄዶ ተቀመጠ። የእኔ ወንበር ላይ። "በል ጨርሰው። በራስህ እጅ።"

በቀኝ እጄ ጨረስኩት። እጄ አልከበደም።

የካቲት 3

ስብሰባ። ጡሩምባ ነፊውን ይዤው ሄድኩ። መምህርቷ፣ "ወንድም ነዎት?" ስትለው፣ "ደንበኛ ነኝ" አለ። አሳለፈችው።

ሁሉንም ከሰሙ በኋላ አትክልተኛው የእኔን ራስ እያየ፣ "ይሄንንስ ማን ይቆርጠዋል?" አለ።

"ማንም።"

"እኔ እቆርጠዋለሁ።"

"አንተ የምትቆርጠው አጥር ነው።"

"ያንተ ራስ ከአጥር በምን ይሻላል?"

ሁሉም በሣቅ ወደቁ። ሰኞ እንመጣለን አሉ። እምቢ ልል ነበር። ለምን አላልኩም?

የካቲት 5

ሰኞ። መጡ። መምህርቷ ቋ ቋ እያለች፣ ፋርማሲስቷ፣ ጡሩምባ ነፊው፣ አትክልተኛው የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ። በገዛ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ጨርቁን አንገቴ ላይ ሲያስር አንቆ ሊገድለኝ ነበር።

"አንሶላው?" አለች መምህርቷ።

ዓይኔን ጨፍኜ፣ "አውርጂው" አልኩ።

አልገለጥኩም። የመቀስ ድምፅ ሰማሁ፤ ድምፁ ብቻ በቂ ነበር። ግራዬ ሲቆርጥ ዝናብ እንደሚያካፋ ነው። ይሄ ግን ቋጭ! ዝም። "ኧረ!" ቋጭ! ፋርማሲስቷ፣ "ቆይ፣ ቆይ፣ በዛ በኩል ትንሽ…" ጡሩምባ ነፊው፣ "እንዲያውም ተወው።" አትክልተኛው፣ "ፀጉር እንደ ቁጥቋጦ አይታዘዝም እኮ!" ከዛ የሁሉም ዝምታ። የሚያስፈራ ዝምታ።

ገለጥኩ።

መስታወቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ አንዱ ጎኑ የጎደጎደ፣ ሌላው ጎኑ ያበጠ፣ ፊት ለፊቱ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ የተሸራረፈ። እንዲህ ያለ ራስ ዓይቼ አላውቅም። ግራዬ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ግራዬ እንዲህ ከምሆን ሞቴን ይል ነበር። ያ ሰውዬ እኔ ብቻ ነኝ።

እጄን አነሳሁ። እሱም አነሳ። በግራ ይሁን በቀኝ ልብ አላልኩም። ሣቅኩ፣ እሱም ሣቀ፣ ዓይኑ ግን እያለቀሰ ነበር።

"አበላሸሁት?" አለ አትክልተኛው፣ ላብ አጥምቆት።

"አዎ" አልኩ። "እግዜር ይስጥህ።"

ጡሩምባ ነፊው ከዛ በኋላ ማፏጨት ሊያስተምረኝ ሞከረ። አልሆነም።

የካቲት 6

እማዬ ደወለች። ድመቶቹ ዓይናቸው ተገልጧል።

"ፀጉሬን ተቆረጥኩ" አልኳት።

ታውቃለች ማን ይቆርጠኝ እንደነበር።

"ማን ቆረጠህ?"

"አትክልተኛ።"

"ምን?"

"የመናፈሻው አትክልተኛ። መልካም ሰው ነው።"

"አትክልተኛ? የዛፍ አትክልተኛ? ምን ነክቶሃል ልጄ?"

"ባየሽው" አልኩ።

አክስቴን ስትጠራ ሰማሁ፣ ስልኩም ተዘጋ።

የካቲት 8

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም።

ደንበኛ እየቆረጥኩ ነበር፣ መስታወቱ እንደተገለጠ። በሩ ሲከፈት በመስታወቱ ውስጥ አየኋት። እማዬ፣ ሻንጣዋን ይዛ። አልዞርኩም። ፈራሁ። ፊቴን ታይ ወይስ አታይ? እሷ ግን ያየችው ራሴን ነው። ሻንጣውን ለቀቀችው።

"ማነው እንዲህ ያረደህ?"

"አትክልተኛ አላልኩሽም?"

እጇን አፏ ላይ ጫነች። ልክ እንደዛ ቀን። ትሸሻለች አልኩ። ከጣቶቿ መሐል ግን ሣቅ አመለጣት። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። መጥታ ዞረችኝ፣ በግራ አየችኝ፣ በቀኝ አየችኝ፣ የተሸራረፈውን በጣቷ ነካችው። "ወይኔ ልጄን! ወይኔ! ግራዬ ይሄን ቢያይ ኖሮ መቀሱን ነጥቆ ሰውየውን እስከ አደባባይ ያሯሩጠው ነበር!"

ከዛ የተናገረችውን ሰማች። እኔም ሰማሁ። ግራዬን ጠርታ እኔን ማለቷ አልነበረም። የሱን ስም ለሱ ነበር የሰጠችው።

ወንበሩ ላይ ያለው ደንበኛ አንገቱን አቀርቅሮ መሬት መሬቱን ያያል። እማዬ ፊቴን ያዘች፣ በሁለት እጇ። አየችው። ግንባሬን፣ አፍንጫዬን፣ ጆሮዬን። አለቀሰችም፣ ሣቀችም፣ ዓይኗን ግን አልነቀለችም።

"ያን ቀን ዝም ያልኩት ተናድጄ አይደለም" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች። "አሁን አወቅኩ።"

ዛሬ ጠዋት ከመታጠቢያ ቤት ስወጣ ፎጣ ይዛ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። አፏን ከፈተች፣ ዘጋችው። ቆምኩ። ውኃው ከፀጉሬ ላይ እየተንጠባጠበ ጠበቅኩ። ብትሳሳትም ልወስደው ወስኛለሁ።

"ምን ያስገትርሃል" አለች፣ "ውሰድ እንጂ ቀኜ።"

ወሰድኩ።